ገመድ አልባ ባርኮድ ስካነር ለሱቅ ልትገዙ ላሰባችሁ

እዚህ ጅማ ሂርማታ መርካቶ ላለችው ሚኒማርኬታችን ገዝተን እየሰራንበት ነው፣ በጣም ወድጄዋለሁ። አብራው የምትመጣዋን ትንሿን ዩኤስቢ ላፕቶፑ ላይ መሰካት ነው በቃ፣ ኮምፒውተሩ እንደ ኪቦርድ ስለሚያየው ሌላ ነገር አትጭኑም። ፊደል ያለበት ኮድ ስታነቡ ግን ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ መሆኑን እዩ፣ አለበለዚያ የማይገባ ነገር ይጽፍላችኋል።

ስትገዙ ቱዲ (2D) የሚባለውን፣ መስመሩንም ኪውአሩንም የሚያነበውን ጠይቁ፣ ሌዘሩ መስመሩን እንጂ ኪውአር አያነብም፣ ከስልክ ስክሪን ላይም ያስቸግራል።

ደስ የሚለኝ አለመሳሳቱ ነው። ከባርኮዱ 13 ቁጥሮች የመጨረሻው መቆጣጠሪያ ነው፣ የፊተኞቹ 12 ተሰልተው ከሱ ጋር ካልገጠሙ ስካነሩ ዝም ይላል። የማካሮኒ ላስቲክ ተጨማዶ እምቢ ሲል በሁለት እጅ ወጠር አርጋችሁ ያዙት፣ ወዲያው ቢፕ ይላል።

ቅር ያለኝ እቃው ላይ የምንለጥፈው ሌብል ነው። ከአካባቢው የምንረከበው ማርና የተቆላ ቡና ባርኮድ ስለሌለው በ2 የሚጀምር ቁጥር ሰጥተን ራሳችን እናትማለን፣ በ2 የሚጀምረው ለውስጥ አገልግሎት የተተወ ስለሆነ ከፋብሪካ እቃ ጋር አይጋጭም። ግን የሸጡልን ፕሪንተር ያለ ቀለም በሙቀት ብቻ የሚያትመው ነው፣ ፀሐይ የሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ጽሑፉ እየደበዘዘ ስካነሩ ማንበብ ያቅተዋል፣ ይሄንን ሲሸጡልን ሊነግሩን ይገባ ነበር። ለቆይታ ሪቦን (የቀለም ጥቅል) ያለው ፕሪንተር ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ስካነሩን ስቶሬጅ ሞድ (ያነበበውን ራሱ ውስጥ የሚያስቀምጥበት) ላይ አርጋችሁ የእቃ ቆጠራ መስራት ትችላላችሁ፣ ሲመጣ ላፕቶፑ ላይ ይገለብጠዋል፣ ስትገዙ ይሄ እንዳለው አረጋግጡ።