ዲአይቲን አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ሞክሬው ያየሁት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት መምህር ነኝ። ለማስተርስ ማሟያ ጽሑፌ የተጠቀምኩበትን መጠይቅ ሌላም ሰው ሊሞክረው ያስብ ይሆናልና ያየሁትን ልንገራችሁ። ሙሉ ስሙ ዲፋይኒንግ ኢሹስ ቴስት ነው፤ በአጭሩ ዲአይቲ። የሚለካው ሰው ትክክልና ስህተት የሆነውን ሲወስን እንዴት እንደሚያስብ ነው። ያዘጋጀው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ሬስት ነው። እኔ የወሰድኩት እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን ሁለተኛውን ቅጂ ነው።

ከሱ በፊት የነበረው መንገድ ቃለ መጠይቅ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ላውረንስ ኮልበርግ እ.ኤ.አ. በ1958 ለዶክትሬቱ ቺካጎ ውስጥ 72 ወንዶች ልጆችን አናገረ። ሚስቱን ለማዳን መድኃኒት ልስረቅ ወይ ብሎ የሚጨነቀው የሃይንዝ ታሪክም ከዚያ የመጣ ነው። የሚመዘነው የልጁ "ለምን" ነበር። ግን እያንዳንዱን ማናገር፣ የተናገረውን መገልበጥ፣ ከዚያ ኮልበርግ ካስቀመጣቸው ስድስት የሥነ ምግባር አስተሳሰብ እርከኖች በየትኛው እንደሚያርፍ መፍረድ ለአንድ ሰው ከባድ ነው። በዲአይቲ አንድ ሙሉ ክፍል በአንድ ቁጭታ ያልቃል።

አምስት ታሪክ አለው። በእያንዳንዱ ሥር 12 ሐሳቦች አሉ። ተማሪው እያንዳንዱ ለውሳኔው ምን ያህል ይከብዳል የሚለውን በአምስት ደረጃ ይመዝንና ዋነኛ የሚላቸውን አራቱን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። በጣም የወደድኩት ግን በመሃል የተሰገሰጉትን ቃላቸው ገዝፎ ትርጉም የሌላቸውን ሐሳቦች ነው። ትልቅ ስለመሰለው ብቻ እነሱን ደጋግሞ የመረጠ ልጅ ወረቀቱ ከስሌት ይወጣል።

ስድሳ ዓረፍተ ነገር በግንቦት፣ ያውም ከሰዓት፣ በድሬ ሙቀት አይሞከርም። ወደ ጠዋት አዞርኩት። ቤታቸው ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ለሚናገሩት ደግሞ ታሪኮቹን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

ያስቸገረኝ የራሴ ትርጉም ነው። አንደኛው ታሪክ ሰሜን ህንድ ውስጥ በረሃብ ጊዜ ነው፤ ቤተሰቡ የሚራብበት አባት፣ ዋጋ እስኪወደድ እህል ከያዘ ሀብታም መጋዘን ሊሰርቅ ያስባል። ሀብታሙ እህል "ያከማቸ" ስል ጥፋቱ ጠፋ። "የደበቀ" ስል ደግሞ ፍርዱን እኔው ሰጠሁ። "ያከማቸ" የሚለው እንዲቆይ አደረግኩ፤ ዛሬም ልቤ አልረጋም።

"አቦ ቲቸር፣ ሰውዬው ጎረቤት የለውም እንዴ? ሽማግሌ አይልክም?" ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። ለሱ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ቦታ የለም። ዲአይቲ የሚያሳየው ልጁ ከቀረበለት የትኛውን እንደሚመርጥ ነው፤ ከራሱ የሚያፈልቀውን ለማወቅ መስማት ግድ ነው። ስለዚህ ለብዙ ተማሪ ተጠቀሙበት፤ ግን ጥቂቶቹን ለብቻ ጠርታችሁ "ለምን?" በሏቸው።

እኔ አምስት ጠራሁ። እናቷ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ልጅ ከነሱ አንዷ ናት። ብዙ ዝም ብላ ቆየችና፣ "እናቴም እስኪወደድ ታቆያለች ቲቸር። ደብተሬ የሚገዛው ከዚያ ነው። ግን በር ላይ የተራበ ሰው ቢቆም ሳትሰጠው አትውልም" አለችኝ። ወረቀቷን መልሼ አየሁት። እዚያ ያለው "መወሰን አልችልም" ላይ ያደረገችው ምልክት ነው።