ትንሽ ውሻ ላላችሁ ጎንደሬዎች፦ ጥርሱን በማደንዘዣ ማሳጠብ፣ ሳይተኛ ማስፋቅ ወይስ ቤት ውስጥ መቦረሽ?

ያው "የፈረንጅ ውሻ" የምንላቸው ትንንሾቹ፣ ፑድሉም ማልቲዙም ቺዋዋውም ክልሱም፣ ባለቤታቸው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ አፉ ይሸታል፣ ጥርሱ ቡናማ ሆኗል፣ ሐኪሙ ይተኛና ይታጠብ አለኝ፣ ግን ማደንዘዣውን ፈራሁ፣ ባይነቃስ? ፍርሃቱ ልክ ነው። እኔም ያለችኝ የ3 ኪሎ ውሻ ስለሆነች "ኧረ ምንም አይሆንም" የሚል ሰው ያናድደኛል። ግን አብዛኛው ሰው የሚፈራው መድኃኒቱን ነው፣ እኔ ግን ይበልጥ የምፈራው ሳይመዘን በግምት የሚወጋውን፣ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ሳይገባ አፉ ላይ ውኃ የሚረጭበትን፣ ከሥራው በኋላ ደግሞ ማንም ሳያየው ጥግ ላይ የሚጣለውን ነው። እነዚህን ሦስቱን መጠየቅ ትችላላችሁ፣ መድኃኒቱን ግን መቀየር አትችሉም።

ዋጋ እዚህ አልጻፍኩም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ስለማይሠራ። ዋጋ ስትጠይቁ ግን ምን ምን እንደተካተተ አብራችሁ ጠይቁ፣ የደም ምርመራው፣ ግሉኮሱ፣ የሚነቀል ጥርስ ካለ እሱ፣ ምክንያቱም ርካሽ የሚመስለው ብዙ ጊዜ እነዚህ የተቀነሱበት ነው።

መጀመሪያ አፉን ከፍታችሁ እዩ

አዋቂ ውሻ 42 ጥርስ አለው፣ ትልቁ የግቢ ውሻም ቺዋዋውም እኩል 42። ልዩነቱ የቺዋዋው አፍ ጠባብ ስለሆነ ጥርሶቹ ተጣበው ተደራርበው ነው የሚበቅሉት፣ በመሀላቸው ምግብ ይቀራል፣ ለዛ ነው የትንንሾቹ ድድ ቶሎ የሚታመመው። ጥርሱ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ነገር በ2 እና በ3 ቀን ውስጥ መደንደን ይጀምራል፣ ያ ነው ታርታር የሚሉት፣ አንዴ ከደነደነ ደግሞ ብሩሽም ሳሙናም አያነሳውም።

ስለዚህ ምርጫው አፉ ያለበትን ደረጃ ይከተላል። ጥርሱ ነጭ ድዱ ሮዝ ከሆነ ማደንዘዣ ምናምን ማሰብ አያስፈልጋችሁም፣ በቀጥታ ብሩሽ የሚለው ጋ ዝለሉ። ጥርሱ ሥር ቡናማ ቅርፊት ካለ፣ ድዱ ከቀላ፣ ስትነኩት ከደማ፣ ብሩሽ ብቻውን አያድነውም። በአንድ ጎን ብቻ የሚያኝክ ከሆነ፣ ከዓይኑ ሥር ካበጠ (ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ትልቁ መንጋጋ ጥርስ ሥሩ መግል ይዞ ነው)፣ ወይም እያስነጠሰ ካንድ አፍንጫው ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ነገ አትበሉ። ትንንሾቹ ላይ የታችኛው መንጋጋ አጥንት በኢንፌክሽን እየተበላ ይሳሳና ከሶፋ ሲዘል ሊሰበር ሁሉ ይችላል። ማደንዘዣ ፈርቶ ዝም ማለትም የራሱ አደጋ አለው የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም፣ ድንገት ምራቁን የሚያዝረበርብ፣ አፉን መዝጋት ያቃተው፣ ድምፁ የተቀየረ ወይም ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ካያችሁ "ጥርሱን አሞት ይሆናል" ብላችሁ እጃችሁን እንዳትከቱ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ክትባቱ ያልተሟላ ውሻ አፍ ውስጥ እጅ አይገባም፣ በቃ።

በማደንዘዣ ወይስ ሳይተኛ?

ሳይተኛ ማለት ውሻውን ሰው ይዞት በብረት ጥርሱን መፋቅ ነው። አንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን የሰው ጥርስ ባለሙያ ለምኖ ያስፍቃል፣ አንዳንዱም ራሱ ብረቱን ገዝቶ ይሞክራል። ርካሽ ነው፣ ማደንዘዣ የለውም፣ ሲያልቅ ጥርሱ ነጭ ይሆናል፣ ሰውም ደስ ይለዋል። ችግሩ በሽታው ያለው ከድዱ በታች ነው፣ እዛ ደግሞ ነቅቶ ያለ ውሻ ብረት አያስነካም፣ ስለዚህ የሚሠራው የሚታየው ብቻ ነው፤ ምስጥ የበላውን ግድግዳ ኖራ ቀብቶ እንደመሄድ ማለት ነው። በዛ ላይ ውሻው ሲወራጭ ብረቱ ድዱን ይቀደዋል፣ ከተፋቀ በኋላ ካልተወለወለ ደግሞ ጥርሱ ሻካራ ሆኖ ስለሚቀር ታርታሩ ቶሎ ይመለሳል። የአሜሪካ የእንስሳት ጥርስ ሐኪሞች ኮሌጅ ይሄን አሠራር በግልጽ ነው የሚቃወመው። እኔ በነፃ ቢሰጡኝም አላሠራም፣ ምክንያቱም ነጭ ሆኖ ስታዩት ድኗል ብላችሁ ትተኛላችሁ ውስጡ ግን መበስበሱን ይቀጥላል።

በማደንዘዣ ሲሆን ሐኪሙ ከድዱ ሥር ያጸዳል፣ እያንዳንዱን ጥርስ በመለኪያ ይፈትሻል፣ ራጅ ካለ ሥሩን ያያል፣ የሚነቀለውን ይነቅላል፣ መጨረሻ ላይ ይወለውላል። ውሻው ሕመሙ አይሰማውም፣ አያስታውሰውም። አደጋውስ? እንግሊዝ አገር ወደ 98 ሺህ ውሾች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ በማደንዘዣ ምክንያት የሞቱት በአጠቃላይ 0.17% ናቸው፣ ጤነኛ የነበሩት ብቻ ሲታዩ 0.05%፣ ታመው የገቡት ግን 1.33%። ይሄ ቁጥር የእንግሊዝ ነው፣ ማሽኑም ባለሙያውም ባለበት፣ ስለዚህ እንዳለ ወደኛ አናመጣውም። ግን ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ በጤነኛና በታመመ መሀል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፣ እና አፉ እስኪበሰብስ ኩላሊቱ እስኪደክም ጠብቆ ማስተኛት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ሁለተኛ ከሞቱት ውሾች ግማሽ የሚጠጉት የሞቱት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፣ አብዛኞቹም በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ውስጥ። እኛ ደግሞ ሥራው አለቀ ሲባል ነው እፎይ ብለን ቡና የምንጠጣው።

መርፌ ብቻ ወይስ ጋዝ ከነቱቦው?

የሚያስተኛው ጋዝ አይሶፍሉሬን ይባላል፣ ከኦክስጅን ጋር በቱቦ ነው የሚሰጠው፣ ሐኪሙ ሲፈልግ ይጨምረዋል ሲፈልግ ይዘጋዋል፣ ውሻውም ቶሎ ይነቃል። መርፌው አብዛኛውን ጊዜ ኬታሚን ከዛይላዚን ወይም ከዳያዜፓም ጋር ነው፣ ማሽን አይፈልግም፣ ግን አንዴ ከገባ ገባ ነው፣ የኬታሚን ማርከሻ የለም፣ ዛይላዚን ደግሞ የልብ ምት ይቀንሳል። መርፌ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ የተነቃነቀች አንዲት ጥርስ ቶሎ ነቅሎ ለመጨረስ ጥሩ ሐኪም በመርፌ አሳምሮ ይሠራዋል። ውኃ እየረጨ በሚያጸዳው ማሽን ሙሉ አፉን ለማጠብ ግን ቱቦ የግድ ነው፣ ቱቦ ከሌለ ያ ቆሻሻ ውኃ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጋዝ ባይኖር እንኳ ቱቦና ኦክስጅን ካለ ብዙ ነገር ይስተካከላል፣ ቱቦ የሌለበት ቦታ ከሆነ ግን ሙሉ እጥበቱን እኔ እዛ አላሠራም። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ በራሱ ስስ ነው፣ እና ኦክስጅን አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ፣ ይሄ ለኛ ከሁሉም ይበልጣል። የእኛ አገር የእንስሳት ሐኪም ብዙ ጊዜ የለመደው በሬ፣ በግ፣ የጋሪ ፈረስ ነው፣ ለነሱ ክብደት በዓይን ተገምቶ ይሠራል። 3 ኪሎ ውሻ ላይ ግን ግማሽ ኪሎ መሳሳት ማለት የመድኃኒቱን አንድ ስድስተኛ መሳሳት ነው። ሚዛን ከሌላቸው ቤት ባለው የወጥ ቤት ሚዛን ወይም ፋርማሲ ሄዳችሁ መዝኑና ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ዛይላዚን ደግሞ 2% እና 10% ሆኖ ይመረታል፣ 10%ቱ ለፈረስ የሚሆነው ነው፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት በአምስት እጥፍ ልዩነት ማለት ነው፣ እና "ዶክተር የትኛው ነው?" ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በጥያቄ የሚቆጣ ሐኪም ጋ ባትሄዱ ይሻላል፣ ጎበዞቹ እንደውም ስትጠይቋቸው ደስ ይላቸዋል።

ሌላ የምጠይቀው፦ ከማስተኛቱ በፊት ልቡን ያዳምጣል ወይ (ያረጁ ትንንሽ ውሾች የልብ ቫልቭ ችግር ይበዛባቸዋል)፣ የኩላሊትና የጉበት የደም ምርመራ ይሠራል ወይ፣ ደም ሥሩ ላይ ካኑላ (መድኃኒትና ፈሳሽ የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) ያስገባል ወይ፣ ተኝቶ እያለ ከሚያጸዳው ሰው ሌላ ትንፋሹንና ልቡን ብቻ የሚያይ ሰው አለ ወይ፣ እንዴትስ ነው የሚያሞቁት። ትንሽ ውሻ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ አፉ እየረጠበ ብረት ጠረጴዛ ላይ ከተኛ ደግሞ ይብሳል፣ የቀዘቀዘ ውሻ ቶሎ አይነቃም። ጋቢና በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ የያዘ ፕላስቲክ ይዛችሁ ብትሄዱ ማንም አይስቅባችሁም፣ በክረምት ደግሞ የግድ ነው።

ምግብ ማስቆሙንም እንደ ሁዳዴ አታድርጉት። ትንሽ ውሻ ብዙ ሰዓት ከተራበ ስኳሩ ይወርዳል፣ ስለዚህ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ሐኪሙን በቁጥር አስነግሩት፣ ቀጠሮውም የጠዋት የመጀመሪያው ይሁን።

የት ለሚለው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው መጀመሪያ የምጠይቀው እዛ ነው፣ በአካል ሄዳችሁ ከላይ ያሉትን አንድ በአንድ ጠይቁ። ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ የትንንሽ እንስሳት ክሊኒክ ምርጫ ይሰፋል ግን መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ለታመመና ላረጀ ውሻ ራሱ ጉዞው ጭንቅ ነው፣ ብዙ ጥርስ የሚነቀልለት ወይም ልቡ ላይ ያልተለመደ ድምፅ የተሰማበት ካልሆነ እኔ አልጓዝም።

ቡችላ ላላችሁ ደግሞ፣ የወተት ጥርሶቹ 28 ናቸው፣ በ6 በ7 ወሩ ተነቃቅለው ማለቅ አለባቸው፣ ትንንሾቹ ላይ ግን ክራንቻው ሳይወድቅ አዲሱ ጎኑ ይበቅልና ድርብ ይሆናል። የሚኮላሽ ወይም ማህፀኗ የሚወጣላት ከሆነ ያኔውኑ አብሮ ይነቀል፣ በአንድ ማደንዘዣ ሁለት ሥራ።

ብሩሽ ወይስ ማኘኪያ?

ብሩሽ ያሸንፋል፣ ይሄ ብዙ አያከራክርም፣ ግን በየቀኑ ቢያንስ በሁለት ቀን አንዴ ከሆነ ብቻ ነው፣ በሳምንት አንዴ ከሆነ ታርታሩ ቀድሟችኋል። የሕፃን ለስላሳ ብሩሽ ወይም ጣት ላይ የተጠቀለለ ጎዝ ይበቃል፣ በጉንጩ በኩል ያለውን የጥርሱን ውጭ ብቻ ብትሠሩም ትልቅ ነገር ነው። የውሻ የጥርስ ሳሙና ካገኛችሁ ጥሩ፣ የዶሮ ምናምን ጣዕም ስላለው ይወዱታል፣ ካጣችሁ በባዶ ውኃ ቦርሹ፣ የሚያጸዳው ፍትጊያው ነው። የሰው ሳሙና አይሆንም፣ ውሻ አይተፋም ይውጠዋል፣ አንዳንዱ ውስጥ ደግሞ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለ፣ እሱ ውሻ ላይ ስኳር ያወርዳል ጉበት ያበላሻል። ሎሚና ጨውም ተዉት።

ለውሻ ጥርስ ተብለው የሚሠሩት ማኘኪያዎች ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ይገኛሉ፣ ስትገዙ ቪ ኦ ኤች ሲ የሚል ማኅተም ያለበትን ፈልጉ፣ የእንስሳት አፍ ጤና ምክር ቤት ማለት ነው፣ ከ1997 ጀምሮ አምራቾች ያቀረቡለትን ሙከራ አይቶ ነው ማኅተሙን የሚሰጠው። ግሪኒስ ለምሳሌ አለው፣ ለትንንሾቹ ቲኒ የሚለው መጠን ከ2 እስከ 7 ኪሎ ላለ ውሻ ነው። ትልቁን ቆርሶ መስጠት አይሆንም ይውጠውና ያንቀዋል። ማኘኪያ ብሩሽ እምቢ ላለ ውሻ ደህና ሁለተኛ ነው እንጂ የብሩሹን ቦታ አይተካም። ውኃ ውስጥ የሚጨመሩትን እኔ ገንዘቤን አላወጣባቸውም።

ነፃ የሆነው የእኛ ማኘኪያ አጥንት ነው፣ በተለይ ከበዓል በኋላ፣ እና እሱ ነው ጥርስ የሚሰብረው። በጥፍራችሁ ስትጫኑት ትንሽ እንኳ የማይሰረጉድ ነገር ለውሻ ጥርስ ይጠነክራል፣ የበሬ ቅልጥም ደግሞ አይሰረጉድም። የተቀቀለው ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል።

ካሠራችሁ በኋላ

በደንብ ነቅቶ ራሱን ችሎ እስኪቆም ክሊኒኩ ውስጥ ይቆይ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ሰው አጠገቡ ይደር፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አታስተኙት። ምግቡ ለስላሳ ይሁን፣ ሩዝ በስጋ መረቅ፣ ግን ወጥ የነካው እንጀራ አይሆንም፣ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። አመመው ብላችሁ ቤት ያለውን ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳትሰጡት፣ የውሻ ሆድና ኩላሊት አይችለውም፣ ማስታገሻውን ከሐኪሙ ተቀብላችሁ ውጡ። ጥርስ ከተነቀለለት ሁለት ሳምንት ያህል ብሩሽ ወደ አፉ አይቅረብ፣ ከዛ ሐኪሙ ድዱን አይቶ ገጥሟል ካለ በጎዝ ጀምሩለት።