ስማርት ዕቃ በጂ ፕላስ ቱ ቤት፦ ክረምት ከበጋ ከተጠቀምኩበት በኋላ

ስማርት ዕቃ፣ ማለትም በስልክ የሚታዘዝ አምፖል፣ ስዊች፣ ሶኬትና ሴንሰር፣ ለማስገባት ለሚያስብ ፎቅ ቤት ላለው ሰው መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ከአምፖሉ በፊት ገመዱ። የአዲስ አበባ ቤት ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ሶሌታው ደግሞ ፌሮ የሞላው ኮንክሪት። ምድር ቤት ሳሎን የተቀመጠ ራውተር ሁለተኛ ፎቅ እስኪደርስ ነፍሱ ትወጣለች። በዋይፋይ የሚገናኙት አብዛኞቹ ስማርት ዕቃዎች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዙ ብቻ ነው። ከ5 ጊጋኸርዙ በተሻለ ግድግዳ ያልፋል፤ ሁለት ሶሌታ ግን ለሱም ከባድ ነው። ሪፒተር ግዙ የሚላችሁን አትስሙ። ደካማ ሲግናል ተቀብሎ ያንኑ ደካማውን ነው የሚያቀብለው። እኛ በየፎቁ የኔትወርክ ገመድ አሳልፈን አንዳንድ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ) ሰቀልን። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ስለ ዋይፋይ ጭቅጭቅ የለም።

ስማርት አምፖል አልመክርም። እንግዳም ልጅም በለመደው ግድግዳው ላይ ያጠፋዋል፣ ያኔ ስልኩ አምፖሉን አያገኘውም። ስዊቹን መቀየር ይሻላል። እዚህ ጋ ግን ኤሌክትሪሽያኑ ሳጥኑን ሲከፍት ጭንቅላቱን ማከኩ አይቀርም፤ በብዙ ቤት ወደ ስዊቹ ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ አልወረደም። ያለ ኒውትራል የሚሠራ ስዊች አለ። እሱ ግን ራሱን ለማቆየት ትንሽ ከረንት በአምፖሉ በኩል ስለሚያሳልፍ፣ ኤልኢዲው ጠፍቶም ጭል ጭል ይላል። አምፖሉ ጋ የምትታሰር ትንሽ ካፓሲተር ትገላግላችኋለች። ገና እየሠራችሁ ያላችሁ ግን ግድግዳው ሳይለሰን ኒውትራሉን አስወርዱ።

እናቴ በስልክ መብራት ማብራት የሚባለውን ነገር ከልቧ ንቃዋለች። ደረጃው ላይ ሰው ሲያልፍ የሚበራውን ግን ወዳዋለች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት መደገፊያውን ይዛ ስዊች መፈለግ ቀርቶላታል።

የመብራት መጥፋት ጉዳይ ለብቻው ነው። ብዙ ስማርት አምፖሎች ከፋብሪካ ሲወጡ ኃይል ሲመለስ እንዲበሩ ተደርገው ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መብራት መጥቶ ቤቱ ሰርግ ቤት ሲመስል፣ «ልጄ፣ ሌባ ገባ እንዴ?» መባል አለ። አፑ ውስጥ «ኃይል ሲመለስ» የሚለውን «ጠፍቶ ይቆይ» ላይ አድርጉት። ለራውተሩም መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ ያለው ትንሽ ዩፒኤስ ግዙለት። ኢንተርኔት ሲቋረጥ በክላውድ (በኢንተርኔት ማዶ ባለ ሰርቨር) ብቻ የሚሠራው ዕቃ ድንጋይ ይሆናል። የኛ ስዊቾችና ሴንሰሮች ግን ዚግቢ በሚባል ከዋይፋይ የተለየ ሽቦ አልባ መገናኛ እዚሁ ቤት ካለው ሃብ (አገናኝ ሳጥን) ጋር ስለሚነጋገሩ ደንታ የላቸውም።

ገንዘቤን የመለሰልኝ ግን ውሃው ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር፣ የታንከሩን ልክ በስልክ የሚያሳይ ሴንሰር ከመብራቱ ሁሉ ይበልጣል። ድሮ ዘበኛችን «ጋሼ፣ ውሃ መጥቷል» እያለ ሌሊት በር ያንኳኳ ነበር። አሁን ታንከሩ መሙላት ሲጀምር ስልኬ ይነግረኛል፣ ሞተሩም ወደ ጣሪያው ሮቶ ይገፋል። ውሃ ሲያልቅ ሞተሩን የማጥፋቱን ሥራ ግን ለአፕ አልተውኩም። ውሃው ላይ የምትንሳፈፈው ርካሽ ማጥፊያ ኢንተርኔት አትጠይቅም፤ ሞተር ያለ ውሃ ሲዞር ደግሞ ይቃጠላል።

ሞተር በስማርት ሶኬት አይነዳም። ሲነሳ የሚስበው ከረንት ሥራ ላይ ካለው ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ በመሃል ኮንታክተር (ከባድ ከረንት የሚችል ማብሪያ ማጥፊያ) ያስፈልጋል። የ2 ኪሎዋት ቦይለርም በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ባለ 10 አምፔር ሶኬት ላይ ሲቆይ ይግላል፣ ባለ 16ቱን ፈልጉ። ዘመድ ከአሜሪካ ዕቃ ሲልክላችሁ ደግሞ ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ ሲሰካ አለቀለት።

በድምፅ የሚታዘዘው ስፒከርስ? አማርኛ አይሰማም። ልጆቹ እንግሊዝኛ ይለማመዱበታል።

ጎረቤቴ ሰሞኑን ስማርት የበር ቁልፍ እናስገጥም እያለ ይወተውተኛል። ባትሪው ሲያልቅ በተራ ቁልፍ የሚከፈት ካገኘ አብሬው እገዛለሁ።