የሦስተኛ ወገን ካሳ ማስከፈል፦ ሁለት ኮከብ
ወንድሜን ዜብራ ላይ ሚኒባስ ገጭቶት እግሩ ተሰበረ። ካሳ የጠየቅነው መኪናው የተመዘገበበት ኢንሹራንስ ጋ ነው፤ ስሙ ይቅር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት፣ ግን የሚያስፈልገውን ወረቀት አንዴ አትናገርም፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ስትወስድላት የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ትላለች፣ እሱን ስታመጣ ደግሞ የደረሰኙ ማኅተም አይነበብም ብላ ወደ ሆስፒታል ትመልስሃለች። ነገ ተመለሱ በሽ ነው።

ብሩም ያው ነው። የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ለንብረት ግን 100,000! የመኪና ፓራውልት ከሰው እግር በለጠ እንዴ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ የመኪናውን ባለቤት ተጠያቂ ስለሚያደርግ ቀሪውን በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል፤ ይህን የነገረን ግን ጠበቃ እንጂ እነሱ አይደሉም። ሁለቱን ኮከብ የሰጠሁትም ቼኩ ባንክ ስላላስመለሰን ነው።