ማዘርቦርዴን ከመጣል ያዳነልኝ ልጅ

ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀኔ የሚጀምረው ከዴስክቶፔ ጋር በመጣላት ነበር። ማስነሻውን እጫናለሁ። ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጭልም። ከዚያ ቀጥ ይልና ራሱ እንደገና ይነሳል። ሦስቴ አራቴ እንዲህ ካለ በኋላ ዊንዶውስ ይገባል። አንዴ ከገባ እስከ ማታ ምንም አይለውም። ግራ ያጋባኝ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ያሳየሁት ባለሙያ ሽፋኑን እንኳን ሳይከፍት «ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። ልገዛም ነበር። አንድ ጓደኛዬ ነው «ቆይ እስቲ» ብሎ ይህን ልጅ የጠቆመኝ።

በስልክ መጀመሪያ የጠየቀኝ «በቅርቡ ምን ነካክተሃል?» ብሎ ነው። «ምንም» አልኩ። ዋሸሁ። ኦቨርክሎክ አድርጌዋለሁ (ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ አስሩጬዋለሁ) ብዬ ብነግረው የሚስቅብኝ መሰለኝ። እሱም አልተከራከረኝም። «ማታ አጥፋው። ጠዋት እንዳትነካው፣ እኔ መጥቼ ነው የማበራው» አለኝ። ችግሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሞቆ ማየቱ ዋጋ የለውም።

ጠዋት መጣ። ሽፋኑን ከፍቶ አበራው። ስክሪኑን ዞር ብሎም አላየው። ዓይኑን የተከለው ማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ ያሉት አራት ጥቃቅን መብራቶች ላይ ነው። እኔማ ለጌጥ ይመስሉኝ ነበር! ለካ አንዱ የሲፒዩ (የዋናው ፕሮሰሰር)፣ አንዱ የራም (የጊዜያዊ ማስታወሻው)፣ አንዱ የግራፊክስ ካርድ፣ አንዱ የማስነሻ ዲስክ ነው። ኮምፒውተሩ የቱ ጋ እንደተቸገረ በርቶ የሚቀረው መብራት ይናገራል። የራሙ በርቶ ቀረ።

«ራሙን ስንት ላይ አድርገኸዋል?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ሁሉን ዘከዘክኩለት። ሲፒዩውን 4.5 ጊጋኸርዝ ላይ አድርጌዋለሁ። ከነበሩኝ ሁለት ራሞች ላይ ሌላ ሁለት ጨምሬ፣ ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ በሆነው፣ አምራቹ በሞከረው ፍጥነት የሚያስኬደውን ሴቲንግ) ከፍቼ አራቱንም 3600 ፍጥነት ላይ አስኬዳቸዋለሁ። አልሳቀብኝም።

የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀለ። የቀረው ኃይል እንዲወጣ ማስነሻውን ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ያዘ። ሳንቲም የምታክለውን ባትሪ አወጣ። ከዚያ በካቻቢቴ ጫፍ ሁለት ፒኖችን አገናኝቶ ባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን የማዘርቦርዱን ሶፍትዌር) ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ መለሰው። (ፒኖቹን ከማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ አይቶ ነው፤ በግምት እንዳትነካኩ።) ሲያበራው ስክሪኑ ጨልሞ ቆየ። እጄ ወደ ማጥፊያው ሲሄድ ያዘኝ። «ተወው፣ ከራሙ ጋር እየተላመደ ነው።» እውነትም ትንሽ ቆይቶ ተነሳ።

እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ አመስግኜ እሸኘው ነበር። እሱ ግን «መነሳቱን እንጂ ለምን እንደታመመ ገና አላወቅንም» አለ። ራም አወጣጡን አሳየኝ። በነጋታው ጠዋት የድሮዎቹን ሁለት ብቻ 3600 ላይ ሞከርኩ፤ ሰላም። ቀጥሎ አዲሶቹን ሁለት ብቻ፤ ሰላም። በሦስተኛው ጠዋት አራቱንም፤ ያ መብራት ተመልሶ ቀጥ! ቪዲዮውን ስልክለት «በቃ ተያዘ» አለ። ያ 3600 የተሞከረው በአንድ ካርቶን አብረው ለተሸጡ ራሞች ነው። አራት ሲሆኑ ሲፒዩው ውስጥ ያለው የራም መቆጣጠሪያ ይጨናነቃል፤ ከሁለት ካርቶን የተቀላቀሉ ከሆኑ ደግሞ ይብሳል። የእኔው ሲሞቅ ይችለዋል፣ ቀዝቅዞ ግን አይችልም።

አራቱንም ወደ 3200 አወረዳቸውና ሌሊቱን ሙሉ ሜምቴስት86 በሚባል የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፈተናቸው። አንድም ስህተት የለም። ሲፒዩውን እስከዚያ መደበኛው ፍጥነት ላይ አቆይቶት ነበር፤ መጨረሻ ላይ ወደ 4.5 መለሰልኝ። ሁለት ነገር ባንዴ ከተነካካ ጥፋተኛው አይታወቅም ባይ ነው። በ3600 እና በ3200 መካከል ያለውን ልዩነት፣ እውነቱን ልናገርና፣ እስካሁን አላየሁትም።

ይኸው ከወር በላይ ሆነው፣ በአንድ ጊዜ ይነሳል። አንድም ዕቃ አላስገዛኝም። የከፈልኩት የድካሙን ብቻ ነው። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እግዚአብሔር ይስጥልኝ!

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ስልክ ቶሎ አያነሳም። በጽሁፍ መልእክት ግን ወዲያው ይመልሳል። ቁጥሩን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ኦቨርክሎክ አድርጋችሁ ከሆነ ገና ስትጽፉለት ንገሩት። እኔን በጠዋት መጥቶ ነው ያናዘዘኝ።