በኢንዲዛይን ለደበዘዘ ፎቶ፦ እይታውን ማስተካከል ወይስ ፋይሉን መተካት?

ኢንዲዛይን በተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም መጽሔት ሲዘጋጅ ፎቶ ደብዝዞ ከታየ የስክሪኑን እይታ ማስተካከል ወይም ፎቶውን በተሻለ ፋይል መተካት ይቻላል።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ሥራው እንዳይንቀራፈፍ በገጹ ላይ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ጥራቱ የተቀነሰ ቅጂ ስለሆነ፣ በ«ቪው» ሜኑ ሥር ከ«ዲስፕሌይ ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሃይ ኳሊቲ ዲስፕሌይ» ሲመረጥ፣ ችግሩ የእይታ ብቻ ከሆነ፣ ፎቶው ወዲያውኑ ይጠራል። ይሁንና የሚለወጠው ዓይናችን የሚያየው እንጂ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው አይደለም፤ በእኔ እምነት ይህ መንገድ መመርመሪያ እንጂ መጠገኛ አይደለም።

ከዚያም በኋላ ብዥታው ካልጠፋ ችግሩ ያለው በፋይሉ ነው። 1200 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ በ4 ኢንች ስፋት ሲቀመጥ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይደርሰዋል፤ ይህም ለጥሩ ሕትመት በተለምዶ የሚፈለገው ልክ ነው። ያው ፎቶ ወደ 8 ኢንች ሲለጠጥ ግን ወደ 150 ይወርዳል። ቁጥሩ «ሊንክስ» በተባለው ሰሌዳ፣ «ኢፌክቲቭ ፒፒአይ» በሚለው ረድፍ ይነበባል። በፎቶሾፕ ማስፋት ካሜራው ያልያዘውን ዝርዝር በግምት ከመሙላት አያልፍም። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ዋናውን ምስል እንዲልክ መጠየቅ ይሻላል፤ በቴሌግራም የሚልክ ከሆነም፣ እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ፣ በፋይል መልክ ይሁን። የመጣው ምስል «ሪሊንክ» በተባለው ትእዛዝ ሲተካ የገጹ አቀማመጥ አይፈርስም።