ለቤት እንሽላሊት ምን እንግዛ? ፌንጣ፣ የዱቄት ትል ወይስ የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ

ነፍሳት ለሚበላ የቤት እንሽላሊት ምግብ የሚገዛ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው የካልሲየምና የፎስፎረስን መጠን ነው። የሚመከረው ለ1 እጅ ፎስፎረስ ከ1.5 እስከ 2 እጅ ካልሲየም ሲሆን፣ ክሪኬት የሚባለው ፌንጣም ሆነ የዱቄት ትል ግን ፎስፎረሳቸው ከካልሲየማቸው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጉድለቱ ካልተሟላ እንስሳው ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ ይስባል፤ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሮቹ ይጎብጣሉ፣ ጣቶቹም ይንቀጠቀጣሉ።

ፌንጣ ስለሚዘል የእንሽላሊቱን የማደን ፍላጎት ይቀሰቅሳል፤ ስቡም አነስተኛ ነው። ሆኖም ይጮኻል፣ ይሸታል፣ ቶሎ ይሞታል፤ ተርፎ ካደረም የተኛውን እንሽላሊት ይነክሳል። የዱቄት ትል ድምፅ የለውም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥም ለሳምንታት ይቆያል፤ ነገር ግን ስቡ ስለሚበዛ አልፎ አልፎ ብቻ ቢሰጥ ይሻላል። የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ ስለሚበልጥ ከሦስቱ የተለየ ነው። ጉድለቱ ትንሽነቱ ነው፤ ትልልቅ እንሽላሊቶች ሳያኝኩ ስለሚውጡት አንዳንዴ ሳይፈጭ ይወጣል።

በእኔ አመለካከት ፌንጣን ዋና ምግብ አድርጎ የዝንቡን እጭ በየመካከሉ መስጠት ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው። ፌንጣው ከመሰጠቱ በፊት ለ24 ሰዓት ያህል ቅጠላ ቅጠል በልቶ፣ የካልሲየም ዱቄት ተነስንሶበት፣ በእንሽላሊቱ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት ሳይበልጥ ሊቀርብ ይገባል። ይህ ሁሉ ግን ያለ አልትራቫዮሌት ቢ መብራት ብዙም አይጠቅምም፤ ቀን የሚነቃው እንሽላሊት ካልሲየምን ወደ ሰውነቱ ለማስገባት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ3 የሚሠራው በዚህ ጨረር ነው፤ የመስኮት መስታወት ደግሞ ጨረሩን አያሳልፍም። ቅጠል በሊታ የሆነው አረንጓዴ ኢጓና ከሦስቱ አንዱም አያስፈልገውም።

ከአትክልት ቦታ ነፍሳት ለቅሞ መስጠት ወጪ ባይኖረውም አልመክረውም፤ ፀረ ተባይ የነካቸው ወይም ጥገኛ ትል የተሸከሙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሌሊት የምታበራው አንዲት የእሳት ዝንብ እንኳ ጢማም ድራጎን የሚባለውን እንሽላሊት ልትገድል ትችላለች። ደግሞም እነዚያ ነፍሳት በግቢው ለሚኖሩት የዱር እንሽላሊቶች ቀለባቸው ነው። የዱሮቹ መመገብ አያስፈልጋቸውም፤ መርዝ አለመርጨት፣ የድንጋይ ክምርና የደረቀ ቅጠል መተው፣ ድመትንም ከእነርሱ ማራቅ ይበቃቸዋል። ከተገዛው የተረፈውን ፌንጣ ግን ለእነርሱ ብሎ ግቢ ውስጥ መልቀቅ አይገባም፤ ከማርቢያው የመጣ በሽታ ሊያስተላልፍባቸው ይችላል።